አፈ ቅቤ

«አፈ ቅቤ» በአማርኛ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ማወደስና ማባበል የማይገደው፣ ነገር ግን የማይታመን ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። አነጋገሩ በሙሉ ሲነገር «አፈ ቅቤ፣ ሆደ ጩቤ» ነው። በዕለት ንግግር ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል፤ ተናጋሪው «እሱ እኮ አፈ ቅቤ ነው» ብሎ ሲያቆም ጩቤውን ሰሚው በራሱ ይጨምረዋል። የቃሉ ክብደት ያለው በዚህ ባልተነገረው ግማሽ ላይ ነው። የአፍ መለስለስ ብቻውን በአማርኛ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ አፍ የተናገረውን ሆድ ሳያውቀው ሲቀር፣ ወይም ሆድ ተቃራኒውን ሲያውጠነጥን ነው።

የቃሉ አሠራር ከግእዝ የመጣ ነው። «አፈ» የሚለው መነሻ ከሌላ ስም ጋር ተናቦ የሰውን ንግግር ወይም ሥልጣን ይገልጻል። በንጉሡ ዘመን የበላይ ዳኛው ማዕረግ አፈ ንጉሥ ነበር፤ የዛሬው ምክር ቤት ሰብሳቢ አፈ ጉባኤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ407 ያረፈው የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ በስብከቱ ማማር አፈ ወርቅ ተብሏል፤ ስሙም እስከ ዛሬ ለኢትዮጵያ ልጆች ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተጠራው በዚሁ ስም ነው። ወርቅና ቅቤ ሁለቱም ውድ፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቁ ናቸው። ይሁን እንጂ አፈ ወርቅ ምስጋና፣ አፈ ቅቤ ስድብ ነው። ወርቅ በእሳት ተፈትኖ ያው ወርቅ ይሆናል። ቅቤ ግን ሙቀት ሲነካው መልኩን ይለውጣል፣ ወደ ተዘነበለበት ይፈስሳል።

«ሆደ» የሚለውም እንዲሁ የሰውን ጠባይ የሚናገር ብዙ ቃል አፍርቷል፦ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ እንባው ቅርብ የሆነው ሆደ ቡቡ፣ በትንሽ ነገር ቅር የሚለው ሆደ ባሻ ይባላል። በአማርኛ አስተሳሰብ ምሥጢር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» የሚባለውም ስለዚህ ነው። ከልብ የተደረገ ነገር «ከአንጀት» ነው፤ ለታይታ የተደረገ ደግሞ «ከአንገት በላይ»። ቋንቋው የሰውን ገላ አንገት ላይ ለሁለት ከፍሎ ላይኛውን ለታይታ፣ ታችኛውን ለእውነት ሰጥቶታል። አፈ ቅቤ የሚባለው ሰው በዚህ ድንበር በወዲያና በወዲህ የተለያየ ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ነው።

ቅቤ የሚለው ስም ራሱ የከበረ ዘር አለው። በግእዝ «ቀብአ» መቀባት ነው፤ «ቅብእ» ደግሞ የሚቀባው ነገር፣ ዘይትም ሆነ ቅቤ ሆነ ሽቱ ያለው ቅባት። ከዚሁ ሥር አማርኛ ቀባ፣ ቅባት፣ ቅብ፣ ቅብዐ ኑግና ቅቤ የሚሉትን አገኘ። ነገሥታት ሲነግሡ የሚቀቡት ቅዱስ ቅባት፣ ክርስቲያን በጥምቀት ጊዜ የሚቀባው ሜሮን፣ «ክርስቶስ» የሚለውም ስም ትርጉሙ «የተቀባ» መሆኑ፣ ሁሉም የዚሁ የመቀባት ሐሳብ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ የሐሰተኛ ሰው ስድብና የንጉሥ ቅባት በአንድ ሥር ላይ በቅለዋል።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። እንግሊዞች የይስሙላ ጨዋነት የተላበሰን፣ በተለይም መንፈሳዊ የሚመስልን ሰው «አንክቹየስ» ይሉታል፤ ቃሉ መቀባትንና ቅባትን ከሚገልጽ የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን ለሕመምተኛ የሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ቅባትም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ሌላው ቃላቸው «ስማርሚ» ፀጉርን በቅባት ልጥፍ አድርጎ ማበጠርን ከሚገልጽ ግሥ ተነሥቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የአጭበርባሪ አለሳላሽ መጠሪያ ሆነ። ፈረንሳዮች ሰውን ለጥቅም ማወደስን «ፖማድ መቀባት» ይሉታል። በእነዚህ ሁሉ ቅባቱ ከላይ የተለጠፈ ነው፤ የሚወቀሰውም ልጣፉ ነው። የአማርኛው አነጋገር ግን ከልጣፉ አልፎ ከሥሩ ያለውን በስም ይጠራል። ጩቤ ይለዋል።

ቅቤንና መሣሪያን አንድ ላይ ያነሣ ጥንታዊ ጽሑፍም አለ። በዕብራይስጡ ቁጥር 55ኛው፣ በግእዙ ቁጥር 54ኛው መዝሙረ ዳዊት አብሮ ይበላ የነበረ ወዳጅ ስለ መክዳቱ ያለቅሳል፤ የከዳተኛውን ንግግር ልስላሴ በቅቤና በዘይት፣ የልቡን ሐሳብ በጦርነትና በተመዘዘ ሰይፍ ይመስለዋል። ከግሪኩ በመጣው ንባብ ቅቤው የለም፤ ዘይቱ ብቻ ነው የቀረው። የግእዙ መዝሙር የተተረጎመውም ከግሪኩ ነው። ነገር ግን ግእዝ ዘይትንም ቅቤንም «ቅብእ» ብሎ ስለሚጠራ፣ የኢትዮጵያ አንባቢ በግሪክኛው የጠፋውን ቅቤ በራሱ ቃል ውስጥ መልሶ ያገኘዋል። የአማርኛው ተረት ከመዝሙሩ ተቀድቷል ለማለት ይህ አይበቃም። ላም የሚያልብ፣ ቢላ የሚስል ሕዝብ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ለማስቀመጥ መጽሐፍ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ቃሉ በሥጋና በደም ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ከሚሴና ዙሪያዋ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማም ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ያቅፋል፤ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ከአዊና ከኽምራ ጋር የብሔረሰብ አስተዳደርነቱን ያጸናለት ነው። ቢሮውና ትምህርት ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይሠራሉ፤ ገበያው ኦሮምኛንም አማርኛንም ይናገራል፤ ከምሥራቅ ወገን አፋርኛ፣ ከጥንት መንደሮቹ ደግሞ የአርጎባ ሕዝብ ቋንቋ ይደርሳሉ። ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ነው።

አገሩ የከብት አገር ነው። የቦርከና ወንዝ የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ሌላው ሜዳ ሲደርቅ ጨፋ አረንጓዴውን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ የአካባቢው ኦሮሞ ብቻ ሳይሆን የአፋር አርብቶ አደርም መንጋውን እየነዳ ይመጣበታል። ሣርና ውኃ ባለበት ወተት አለ፤ ወተት ባለበት ቅቤ አለ። ቅቤ ግን በቀላሉ አይገኝም። የረጋ ወተት በቅል ወይም በሸክላ ዕቃ ተሞልቶ ረጅም ሰዓት ይናጣል፤ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚደርስ ወተት ይፈጃል። አንዲት የአገር ላም በቀን የምትሰጠው ሁለት ሊትር ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ያቺ ኪሎ የስንት ቀን እልበትና የስንት ሰዓት የሴት ክንድ እንደሆነች ግልጽ ነው። አሬራው ለቤተሰብ ይቀራል፤ ቅቤው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ገንዘቡም በአብዛኛው በናጠችው ሴት እጅ ይገባል። በገጠር ሴት የራሷ ከምትለው ጥቂት ገቢ አንዱ ይህ ነው።

ቅቤ እዚህ አገር የክብር ዕቃም ነው። ሙሽራ ፀጉሯን ትቀባለች፤ አራስ አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ይደረግላታል፤ ለተከበረ እንግዳ ገንፎው መሐል ላይ ቅቤ ይሞላለታል። የአፋር ጎረምሳ የተጠቀለለ ፀጉሩን በቅቤ ያሳምራል። ጨቅላ ሕፃንን ከጡት በፊት ቅቤ ማላስ በኢትዮጵያ ገጠር የቆየ ልማድ ነው፤ ለልጁ ከወተት በፊት በረከት ማቅመስ ሆኖ ስለሚታይ ሴቶች በፍቅር ያደርጉታል። የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ አጥብቀው ይመክራሉ፤ ምክራቸውም ሊሰማ ይገባል። በኦሮምኛ ቅቤ «ዻዻ»፣ መቀባት «ዲቡ» ይባላል። ይህን ያህል የተወደደ ነገር የሐሰት ምሳሌ የሆነው ተንቆ ሳይሆን ታምኖ ነው። አታላይ የሚመስለው ሰው የሚወደውን ነገር ነውና።

ይህ በገበያ ላይ በግልጽ ይታያል። ከዞኑ ከተሞች ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ ይገበያሉ። የባቲ ሰኞ ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነው፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ደገኛው እህሉን፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ ይገናኝበታል። በእንዲህ ዓይነት ገበያ ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች ጥላ ፈልገው በረድፍ ይቀመጣሉ። ፀሐይ ከፍ ሲል ቅቤው ስለሚላላ ንግዱ የማለዳ ነው። ሻጯ ቅሏን ወይም ዕቃዋን ከፊቷ አስቀምጣ በቅጠል ትከድነዋለች፤ ገዢ ሲቀርብ ቅጠሉን ገለጥ ታደርጋለች። ከላይ የሚታየው ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ጠረኑ የወተት የሆነ ለጋ ነው። «ትናንት ነው የናጥኩት፣ ወላሂ» ትላለች ሻጭ። «እታለም፣ ቅመሽው እስቲ፤ ካልጣመሽ አትግዢኝ» ትላለች።

ልምድ ያላት ገዢ ላይኛውን አይታ አትከፍልም። መጀመሪያ ታሸታለች። ቀጥሎ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች። የላም ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ የሰው ገላ ሙቀት ይበቃዋል፤ ወዲያው ላልቶ ይሰርጋል፣ ወዙ ይቀራል። የአትክልት ስብ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ለመቅለጥ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቆዳው ላይ እየተድበለበለ ይቆያል። ሦስተኛው ፈተና ቀጭን እንጨት ነው። ገዢዋ እንጨቱን ከቅሉ አፍ እስከ ታች ሰድዳ ታወጣና ጫፉን ታያለች፣ ታሸታለች። ከታች የመጣው ከላይ ካለው ጋር አንድ ከሆነ ዋጋ ይነሣል። ቀለሙ ከተለየ፣ ወይም የሻገተ ጠረን ከመጣ፣ ሳትናገር ቅጠሉን መልሳ ትሄዳለች።

እንጨቱ ያስፈለገበት ምክንያት የታወቀ ማጭበርበር በመኖሩ ነው። ቅቤ ውድ ስለሆነ፣ በተለይም የፋሲካና የዒድ ሰሞን ዋጋው ሲንር፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ በአገሪቱ ከተሞች በተደጋጋሚ መያዙ በመገናኛ ብዙኃን ተነግሯል፤ ከሚቀላቀሉት መካከል የተፈጨ ሙዝና የአትክልት ቅቤ ይገኙበታል። ውኃ የተደባለቀበት ድስት ላይ ሲጣድ ይንጣጣል፤ ሙዝ የገባበት ደግሞ ከሥር ይቀመጥና ያርራል። ከሁሉ ቀላሉ ማታለያ ግን ምንም ባዕድ ነገር አይፈልግም። የቆየውን ከታች ሞልቶ ለጋውን ከላይ መለሰን ብቻ ነው። ቅልም እንደ ሰው አፍና ሆድ አለው፤ የአማርኛ ተናጋሪ የዕቃን መክፈቻ አፍ፣ መሐሉን ሆድ ይላል። አፉ ላይ ለጋ፣ ሆዱ ውስጥ ሌላ የሆነ ዕቃ የገዛች ሴት «አፈ ቅቤ» የሚለውን ቃል ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። የገበያ ማታለልና የንግግር ማታለል በዚህ አገር አንድ ዓይነት መፈተኛ አላቸው፦ ውስጡን ሳያዩ አለመክፈል።

የከሚሴ ሰው በሁለት ቋንቋ ስለሚኖር ይህን የአፍና የሆድ ካርታ ሁለት ጊዜ ያውቀዋል። በኦሮምኛ ሆድ «ገራ» ነው፤ እንደ አማርኛው ሁሉ የስሜትና የሐሳብ ማደሪያ ነው። ሩኅሩኁ «ገረ ላፌሳ»፣ ሆዱ የለሰለሰ ነው፤ ጨካኙ «ገረ ጀቤሳ»፣ ሆዱ የጠነከረ ነው። እዚህ ላይ ልስላሴ ሙሉ በሙሉ ምስጋና መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ሆድ ሲለሰልስ ምሕረት ነው። አፍ ብቻ ለስልሶ ሆድ ሲጠነክር ነው አፈ ቅቤነት የሚጀምረው። ኦሮምኛ ማታለልን በሌላ መንገድም ያሳየዋል፤ «ሶቡ» መዋሸት ነው፣ ይኸው ግሥ የመጀመሪያ ድምፁ ተደግሞ «ሶሶቡ» ሲሆን ማባበል፣ መለማመጥ ይሆናል። የሚያለቅስ ልጅ የሚባበልበት፣ ያኮረፈ ሰው የሚለመንበት ቃል ከውሸት ሥር ወጥቷል። አማርኛም «ሸነገለ» በሚለው ግሥ ተመሳሳይ መንታ ፍች ይዟል፤ ሽንገላ አንዳንድ ጊዜ የተቆጣን ማብረጃ፣ ብዙ ጊዜ ግን ማታለያ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች በማባበልና በመዋሸት መካከል ያለው ድንበር ቀጭን መሆኑን ያውቃሉ።

ይህን ድንበር በጥንቃቄ ያሰመረው የእስልምና ትምህርት ነው። በዓረብኛ «ዱህን» ዘይት፣ ቅባት ነው፤ ከዚሁ ሥር የወጣው «ሙዳሃና» ደግሞ ለጥቅም ወይም ለመወደድ ሲሉ እውነትን ማለዘብ ነው። ቃሉ ከቅባት መውጣቱ የግእዙን ሥር ለሚያውቅ አይደንቀውም። በቁርኣን 68ኛው ምዕራፍ፣ በሱረቱል ቀለም 9ኛው አያ፣ ከዚሁ ሥር የተገኘው ግሥ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የነገሩም ፍሬ ነቢዩን የሚያስተባብሉት ሰዎች እሳቸው ቢለዝቡላቸው እነሱም ሊለዝቡ መመኘታቸው ነው። ሊቃውንቱ ይህን ከ«ሙዳራት» ለይተው ያስተምራሉ። ሙዳራት ሃይማኖትንና እውነትን ሳይሸጡ ሰውን በጥሩ ቃልና በትዕግሥት መያዝ ነው፤ የሚወደድ ነው። ሙዳሃና ለሰው ደስታ ሲሉ እውነትን አሳልፎ መስጠት ነው፤ የሚወገዝ ነው። ውጫዊ መልካቸው አንድ ሊሆን ይችላል፦ ሁለቱም ፈገግታ፣ ሁለቱም ለስላሳ ቃል ናቸው። የሚለያቸው ግቡና የሚከፈለው ዋጋ ነው።

ትምህርቱ ለዞኑ ሩቅ ሆኖ አያውቅም። በደዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ የተሠራችው የአርጎባዎቹ የድንጋይ መንደር ሾንኬ የታወቀች የዕውቀት ማዕከል ነበረች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ያስተማሩባት ሸይኽ ጀውሃር ቢን ሐይደር ከወሎ ስመ ጥር ዑለማዎች አንዱ ናቸው። በዚህ አካባቢ ያደገ ደረሳ የምላስን ኃጢአቶች ከነዓይነታቸው ይማራል፤ ሐሜት፣ ነገር ማመላለስ፣ የሐሰት ውዳሴ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ስለዚህ የዞኑ ሽማግሌ አንድን ሰው አፈ ቅቤ ሲል የአማርኛውን ተረት ብቻ ሳይሆን በመድረሳ የሰማውን ልዩነትም ይዞ ነው።

ልዩነቱ ከሚሴ ባለችበት በወሎ የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ወሎዬ በምላሱ ጨዋነት በአገሩ ሁሉ የተመሰከረለት ነው። የማያውቁትን ሰው «ወንድምዓለም»፣ «እታለም» ብሎ መጥራት፣ ማዕድ ላይ «አፈር ስሆን ብላልኝ» ብሎ መለመን፣ ያዘነን «አብሽር» ብሎ ማጽናናት የዕለት ቋንቋ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይህ ሁሉ ቅቤ ለምን ይሆን?» ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ጥርጣሬው ግን አገሩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። የወሎ ልመና ማዕዱ ከቀረበ በኋላ የሚመጣ ልመና ነው፤ «ብላልኝ» የሚለው ሰው እንጀራውን ፊትህ አቅርቧል። ቃሉ ድርጊቱን ተከትሎ ይሄዳል። አፈ ቅቤ ግን ቃሉን በድርጊት ፋንታ ያቀርባል፤ ለጊዜው ያስደስታል፣ ሲፈለግ አይገኝም። የአካባቢው ሰው ሁለቱን የሚለየው በዚህ ነው። የንግግር ጣፋጭነት መለኪያ ሆኖለት አያውቅም።

የአማርኛ ሊቃውንት ባህልም ድርብ ንግግርን አይጠላም። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ላይኛው ሌላ፣ ውስጠኛው ሌላ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ያሳተመውን መጽሐፍ በዚሁ ስም መጥራቱ ይታወቃል። ድርብነቱ አንድ ቢመስልም በቅኔ የተሸፈነው ወርቅ ነው፤ የላዩ ሰም ቀልጦ ሲሄድ የሚቀረው ከታየው ይበልጣል። በአፈ ቅቤ ንግግር ላይኛው ሲቀልጥ የሚቀረው ብረት ነው። ስለዚህ ነገር መሸፈንን ጥበብ የሚል ሕዝብ ሽንገላን ማውገዙ እርስ በርሱ አይጋጭም። የተሸፈነው ምንድን ነው የሚለው ነው የሚያለያየው።

ጥያቄው ከገበያና ከማዕድ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚገዛለት የአበጋር ሥርዓት ደም የተቃቡትን ያስታርቃል። አበጋሩ ከዘር የወረደ አስታራቂ ነው፤ የሚናገረው በዝግታ፣ በምርቃት፣ በልመና ነው። በልዝብነቱ ከሆነ ከእሱ የለሰለሰ አፍ የለም። ሆኖም አፈ ቅቤ የሚለው የለም፤ ምክንያቱም ለስላሳውን ቃል የሚናገረው ሁለቱ ወገኖች ባሉበት፣ ለሁለቱም እኩል ነው። አፈ ቅቤ ግን ለአንዱ የሚለውን ሌላው እንዲሰማው አይፈልግም። «ሁለት ምላስ» የሚባለውም እሱ ነው። የአስታራቂ ቃል በአደባባይ ይነገራል፣ የአፈ ቅቤ ቃል በጆሮ ይንሾካሾካል።

በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በአጣዬና በዙሪያዋ፣ በተነሡት ግጭቶች ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤት ተቃጥሏል፣ አንድ ገበያ ይገበያዩ የነበሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ የሰላም ቃል ሲነገር ሰሚው የቃሉን ውበት አይመዝንም። የተዘረፈው ከብት ይመለሳል ወይ? መንገዱ ይከፈታል ወይ? ገዳዩ ይጠየቃል ወይ? ይላል። ለስላሳ ንግግር ብቻ ይዞ የመጣ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በአፈ ቅቤነት መጠርጠሩ አይቀርም፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። የተጎዳ ሕዝብ ቃልን በእንጨት ወግቶ የማየት መብት አለው።

በአማርኛ አፈ ቅቤን የሚቀርቡ ሌሎች ስሞች አሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ግን ትርጉም ይዛባል። አጎብዳጅ ለበላዩ የሚያጎነብሰው ነው፤ ስሙ ከጎባጣ አቋሙ የመጣ ነው። አሸርጋጅና አሽቃባጭ ባለሥልጣን ባለበት ሁሉ ከኋላ ከኋላ የሚሉት ናቸው። ሙልጭልጭ የማይያዘው፣ ቃሉን ሲጠየቅ የሚያመልጠው ነው። ውዳሴ ከንቱ የሚባለው ሰውየው ሳይሆን ባዶው ምስጋና ነው። አድርባይ በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄና በኋላ በነበሩት ፓርቲዎች የፖለቲካ ቃል ሆኖ ወጣ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በግምገማ መድረኮች «አድርባይነት» በቃለ ጉባኤ የሚመዘገብ ጥፋት ሆኖ ሲነገር ኖሯል። እነዚህ ሁሉ በበላይና በበታች መካከል ያሉ ናቸው፤ አጎብዳጅ የሚያጎበድደው ወደ ላይ ነው። አፈ ቅቤ ግን ለእኩያው፣ ለጎረቤቱ፣ ለወዳጁም ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳውም ወዳጁን ነው፣ ምክንያቱም የወዳጅ ዕቃ በእንጨት አይፈተንም።

አጠቃቀሙም ወሰን አለው። አፈ ቅቤ ብዙውን ጊዜ የሚባለው ሰውየው በሌለበት ነው፤ ፊት ለፊት ከተባለ ጠብ ያስነሣል። ታናሽ ታላቁን እንዲህ አይለውም፤ ምራት ስለ አማቷ ብታስብም ከአፏ አይወጣም። ለልጅ አይሆንም፤ የሚያባብል ልጅ «ምላሳም» ወይም «ብልጥ» ይባላል እንጂ ሆዱ ውስጥ ጩቤ አይገመትበትም። ለሴትም ለወንድም ያው ነው፤ ቃሉ ጾታ አይለይም፣ ለብዙዎች ሲሆን «አፈ ቅቤዎች» ይባላል። ለጠባዩ ሲሆን «አፈ ቅቤነት» ይባላል፤ ለምስጋና ግን፣ እንደ አፈ ወርቅ፣ የሰው መጠሪያ ሆኖ አያገለግልም። ሰውን በሐሰት ማወደስም «ቅቤ መቀባት» ይባላል፤ «ቅቤ አትቀባኝ» ማለት ምስጋናህን ይዘህ ጉዳይህን በግልጽ ንገረኝ ማለት ነው፤ ይህኛው በወዳጆች መካከል ፊት ለፊት ሲነገር ጠብ አያመጣም፣ የሆድ ክስ የለበትምና።